የፌንጣ መደብ

ሰው መዳቢ እንስሳ ነው። ሌላው ፍጡር ሲገናኝ ይሸታተታል፣ ይነካከሳል ወይም ዝም ብሎ ይተላለፋል፤ ሰው ግን ሌላውን ሰው የት ቦታ እንደሚያስቀምጠው ሳይወስን እንቅልፍ አይወስደውም። የእኛ ሰው ደግሞ በዚህ ረገድ ልዩ ተሰጥዖ አለው። ካላመናችሁኝ ለንደን ፊንስበሪ ፓርክ ባቡር ጣቢያ በር ላይ ቁሙና አንድ ያገራችሁ ሰው ሰላም እስኪላችሁ ጠብቁ። ጤናችሁን በጠየቀበት አፉ ወዲያው ይቀጥላል።

«ከየት ነህ?»

«ከአዲስ አበባ።»

«እሱማ ሁላችንም። ከዚያ በፊት?»

«ከዚያ በፊት አልተወለድኩም።»

ይህን ስመልስለት ይስቃል። እየሳቀም አፍንጫዬን ያያል፣ «ጠ» እና «ጨ» ስል ምላሴን ያዳምጣል፤ ልክ በበዓል ዋዜማ የበግ ላት እንደሚጨብጥ ገዢ።

ለንደን ላይ ሌላም ምድብ አለን፦ በቦሌ የመጣና በሱዳን የመጣ። በቦሌ የመጣው ስኮላርሺፕ ነበረው፣ ሻንጣ ነበረው፣ ሸኚ ነበረው። በሱዳን የመጣው እግር ነበረው። ሁለቱም ዛሬ አንድ አውቶቡስ ይሳፈራሉ፣ አንድ ዓይነት የስኳር ኪኒን ይውጣሉ። ሆኖም በቦሌ የመጣው ስለ አመጣጡ ሲያወራ የአስተናጋጇን ቁንጅናና የቀረበለትን ምሳ ሳይቀር ይዘረዝርላችኋል። እኔ በሱዳን ነው የመጣሁት። በመንገድ ስለቀረበልኝ ምሳ አላወራችሁም።

ልጅ ሳለሁ ግን ጥያቄው «ከየት ነህ» አልነበረም። «መደብህ ምንድን ነው» ነበር። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር፤ የሰው ሱቅ በረንዳ ላይ፣ በአንዲት የስፌት መኪና ሱሪ ሲያሳጥር ይውል ነበር። የቀበሌያችን ካድሬ ጉዳዩን በጥልቀት አጠናና መኪናዋ የማምረቻ መሣሪያ ናት፣ ስለዚህም ሰውየው የማምረቻ መሣሪያ ባለቤት ነው ሲል ደመደመ። ንዑስ ከበርቴ! አባቴ ማታ ቤት ገብቶ እናቴን «ከበርቴ ሆነሃል አሉኝ፤ ራት ምን አለ?» አላት። ሽሮ ነበር።

እኔንም ስሜ አልጠቀመኝም። መኮንን እባላለሁ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ፤ የእኔን ያወጣው መልአክ ጋዜጣ የሚያነብ አልነበረም መሰለኝ። ካድሬው «ስምህ ራሱ መደብህን ይናገራል» አለኝ። ጢም እንኳ ሳላበቅል መደብ አበቀልኩ። ከዚያ በኋላ የታሰርኩበት ክረምት አለ፣ አባቴን የወሰዱበት ቀን አለ። እሱን ተዉት።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት ስለ ፌንጣ ላወራችሁ ፈልጌ ነው።

ልጄ ሶስና አንድ ምሽት ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ፣ «ዳዲ፣ ላገባው የምፈልገው ልጅ አለ» አለች። ስሙ ናሆም ነው፤ እዚሁ የተወለደ። ምን ይሠራል ብላት «ታክሶኖሚስት ነው» አለችኝ። እናቷ ወይንሸት ከእኔ ቀድማ ሰማች። «ታክስ ኢኮኖሚስት!» ብላ እልል አለች። በሳምንቱ ወሬው ቤተ ክርስቲያን ደጅ ደረሰ፤ ከቅዳሴ ስንወጣ ሚኒካብ የሚነዳው ጎረቤታችን ከታክስ ቢሮ የመጣለትን ቡናማ ፖስታ ይዞ ጠበቀን። «አማቻችሁ ይቺን ቼክ ያድርግልኝ» ይላል። ሶስና «ማሚ፣ ሊስን፣ ታክስ አይደለም» ብትላትም፣ ወይንሸት ሥራ መደበቅ የታክስ ሰዎች ደንብ ነው ብላ አለፈችው።

ሶስና ወደ ጎን ወስዳኝ፣ «ዳዲ፣ አንተ እምቢ ካልክ አላገባውም። ግን ሌላም አላገባም» ብላኛለች። የእኔ ልጅ ናት፣ ያለችውን ታደርጋለች። እንግዲህ የልጄ ትዳር ያረፈው በአንዲት የእኔ ቃል ላይ ነው፤ እኔ ደግሞ ቃል ከአፌ የሚወጣው በመከራ ነው። የልጁ ገንዘብ አላስጨነቀኝም። ማወቅ የፈለግሁት አንድ ነገር ነው፦ ይህ ሰው ሌላውን እንዴት ነው የሚያየው?

ሽማግሎቹ ቅዳሜ ከሰዓት መጡ። ሰቨን ሲስተርስ ሠፈር ያለችው ፍላታችን አምስተኛ ፎቅ ላይ ናት፤ ሊፍቱ እንደ ልማዱ አይሠራም። መሪው የናሆም አጎት አቶ ጌታሁን ነው፤ በቦሌ ከመጡት፣ ከራባቱን እስከ ጉሮሮው ያጠበቀ። ከሱ ጋር ጋሽ ተስፋማርያም አሉ፤ አስመራ ላይ በአማርኛ ተምረው ያደጉ፣ ሰማንያን የተጠጉ ኤርትራዊ፣ የእኛን አማርኛ ለእኛው የሚያርሙ ሰው።

«ቁጭ በሉ» አልኳቸው።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም፤ ሥርዓቱ ነው» አለ ጌታሁን እያለከለከ።

«አንተ ቁም» አሉ ጋሽ ተስፋማርያም። «እኔ ለጉልበቴ ስል ሥርዓቱን ጥሻለሁ።» ተቀመጡ።

ጌታሁን እንደቆመ ልጃችሁን ለልጃችን አለ፤ አሳምሮ፣ አርዝሞ። ስለ ናሆም ትምህርት፣ ስለ ጠባዩ፣ ስለ ቤተሰቡ ተናገረ። ሥራውን ብቻ ዘለለው።

«ሥራውስ?» አልኩ።

«ሳይንቲስት ነው።»

«የታክስ ሳይንስ» አለች ወይንሸት ከወጥ ቤት በር ላይ ሆና።

«የ... ተፈጥሮ ሳይንስ። ሙዚየም ውስጥ።»

«የምን ተፈጥሮ?» አልኩት።

ጌታሁን ከራባቱን ነካካ። ጋሽ ተስፋማርያም አዘኑለት መሰለኝ፣ «የፌንጣ» አሉ። «ለዚያውም የድንክ ፌንጣ። ቦርኒዮ፣ ሱማትራ፣ እዚያ ማዶ ያሉት።»

ወይንሸት የበሩን መቃን ያዘች። «ምናለ አንበጣ እንኳ ቢሆን!» አለች።

ልክ ናት። አንበጣ አገር ያጠፋል፤ መንግሥት አውሮፕላን ያስነሳበታል፤ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ በክብር ተጠቅሷል፣ መጥምቁ ዮሐንስም ከማር ጋር በልቶታል። ፌንጣን ማን ይቆጥራታል? በፌንጣ ላይ ድንክነት ሲጨመርበትማ፣ እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ ነው።

«ልጁን ጥሩልኝ» አልኩ።

ሙሽራ በሽምግልና ቀን አይታይም፤ ነውር ነው። ቢሆንም ባስ ስቶፕ ላይ ወዲያ ወዲህ ሲል በመስኮት አይቼዋለሁ፤ የመጣውን አውቶቡስ ሁሉ አሳልፏል። ተጠርቶ መጣ፤ ሙሉ ልብስ ለብሷል፣ ጫማው ተወልውሏል፣ አምስቱን ፎቅ በሩጫ ነው የወጣው። መዝገበ ቃላት አገላብጦ የተዘጋጀበት ዓረፍተ ነገር እንዳለው ከከንፈሩ ያስታውቃል። ትንፋሹን ሰበሰበና ለቀቀው።

«አባባ፣ የእኔ ሥራ የድንክ ፌንጣዎችን መደብ ማጣራት ነው።»

ለእሱ ሁለቱም ንጹሕ የመዝገበ ቃላት ቃላት ናቸው፤ ታክሶኖሚስት ማለት ለካ ፍጥረትን በየመደቡ የሚያስቀምጥ ሰው ነው። በእኔ ዘመን ግን «መደብ» እና «ማጣራት» አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ከገቡ፣ ከዚያ ቤት አንድ ሰው ይወጣል ማለት ነው። እኔ በሩን አየሁ። እስካሁን በሥርዓት የቆመው ጌታሁን ሳያስበው ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ለካ በቦሌ የመጣም ይደነግጣል።

«አጣሪ ያደረገህ ማነው?» አልኩት። ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም።

ልጁ ምን እንዳጠፋ አላወቀም። «ፕሮፌሰሬ» አለ። «አባባ፣ ብዙዎቹ በስህተት ነው የተመደቡት። ዱሮ የመደቧቸው ሰዎች ካባቸውን ብቻ ነው ያዩት።»

ካባ ያለው የፌንጣዋን የጀርባ ሽፋን ነው። ጥፍር የምታህል ፍጥረት ናት፤ ከአንገቷ ተነስቶ እስከ ጅራቷ የሚወርድ ጠንካራ ካባ ደርባ ነው የምትዞረው። ካባዋ ከረዘመ አንድ ቦታ፣ ቀንድ ካበቀለ ሌላ ቦታ፣ የደረቀ ቅጠል ከመሰለ ደግሞ ሌላ ቦታ አስቀመጧት። ከዚያም መሰላሉን ሊያስረዳኝ ሞከረ። ከላይ መደብ አለ፣ ዝቅ ሲል ወገን አለ፣ ከሥር ዝርያ አለ። እሱ ሳይንስ እያስተማረኝ ነው፤ እኔ የሰማሁት ያገሬን ታሪክ ነው። እኛን መደባችሁ ምንድን ነው አሉን። ከእኛ በኋላ የመጡትን ወገናችሁስ አሏቸው። አሁን ዝርያ ላይ ደርሰናል። ከዚያ በታች መሰላሉ እርከን የለውም፤ መውደቅ ብቻ ነው ያለው።

«አንዷ ክንፏ ረጅም ነው፣ ትበራለች» አለ ናሆም፣ አሁን ሞቅ ብሎት። «አንዷ ክንፏ አጭር ነው፣ በእግሯ ትሄዳለች። ሁለት ዝርያ ናቸው ብለው ሁለት ስም ሰጧቸው። ተርንስ አውት፣ ለካ የአንድ እናት ልጆች ናቸው።»

«ሰማህ ጌታሁን?» አሉ ጋሽ ተስፋማርያም። «አንተና መኮንን።»

«እኔ ምን አልኩ?» አለ ጌታሁን።

«አስተናጋጇ ቆንጆ ነበረች አልክ። ሠላሳ ጊዜ።»

እኔ ግን ከልጁ ላይ ዓይኔን አላነሳሁም። «በስህተት የተመደበች ስታገኝ ምን ታደርጋለህ?»

«አወጣታለሁ።»

«ወዴት?»

«ትክክለኛ ቦታዋን ካወቅሁ እዚያ። ካላወቅሁ ቦታዋ አልታወቀም እላለሁ። ብዙ ዘመን እንደዚያ ሆነው የሚቆዩ አሉ።»

«ማንም አይነካቸውም?»

«ማን ይነካቸዋል አባባ? ሞተዋል እኮ። መሳቢያ ውስጥ በስፒል ተሰክተው ነው ያሉት።»

ሳቅሁ። ወይንሸት ደንግጣ አየችኝ፤ እኔ ስስቅ የሆነ ነገር የተሰበረ ይመስላታል። ግን ምን ላድርግ? ምሕረት የሚደርሰው በስፒል ከተሰካችሁ በኋላ ነው፤ ይህንንስ አውቀዋለሁ። አባቴ ከተወሰደ ከዓመታት በኋላ አንድ ጨዋ ባለሥልጣን እናቴን ወንበር ስቦ አስቀምጦ «የእሳቸው ጉዳይ ስህተት ነበር» ብሏታል። እናቴ አመስግና ወጣች። አባቴ ግን አልሰማም።

ጌታሁን ሳቄን እንደ በጎ ምልክት ቆጠረውና ተነስቶ ቆመ። «እንግዲህ የቀረን ሰባት ቤት መቁጠር ነው፤ ዝምድና እንዳይኖር» አለ። የናሆምን እንደ እግር ኳስ ቡድን አሰላለፍ በአንድ ትንፋሽ ወረደው። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

የአባቴን ስም ጠራሁ። ያያቴን ጠራሁ። ቆምኩ።

«ይቀጥሉ አቶ መኮንን» አለ ጌታሁን።

«ከዚያ በላይ አላውቅም። አባቴን ሳልጠይቀው ወሰዱት።»

ይህን ለሶስና እንኳ ነግሬያት አላውቅም። ከመኝታ ቤቱ በር ኋላ ሆና እንደሰማች ያወቅሁት ወለሉ ሲንቋቋ ነው። ጌታሁን ጉሮሮውን ጠረገ። «ሥርዓቱ ሰባት ነው...» ብሎ ጀመረ።

«ተወው እንጂ» አሉ ጋሽ ተስፋማርያም። «አንተ ሰባት ቤት አጥብቀህ ብትቆጥር፣ ግማሹ ለንደን መፋታት አለበት።»

ናሆም ነው ነገሩን የጨረሰው። መዝገበ ቃላቱን ጣለና በራሱ አፍ ተናገረ። «አባባ፣ ሁለት ይበቃል። እኛ አንዳንዴ አንድ እግር ብቻ ነው የምናገኘው። ሌላው ጠፍቶ። አንዷን እግር በደንብ ካየኻት... ይቅርታ፣ ካዩዋት፣ ማን እንደነበረች ትነግርዎታለች።»

ልጄን የምሰጠው ሰው እንዴት እንደሚያይ ማወቅ ፈልጌ አልነበር? አወቅሁ።

«ይሁን» አልኩ።

አንዲት ቃል ናት። ወይንሸት እልል ስትል ግን አንድ ሰዓት የተናገርኩ ነው የሚመስለው። ሶስና ከመኝታ ቤት ወጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ ጋሽ ተስፋማርያም መረቁ፤ ጌታሁን ለመጀመሪያ ጊዜ ከራባቱን አላላ።

ሲወጡ ናሆምን ደረጃው አፍ ላይ አስቀረሁት።

«ለመሆኑ ይህቺ ፌንጣህ ትዘፍናለች?»

«ሌሎቹ ፌንጣዎች ይዘፍናሉ። ይህቺ ድምፅ የላትም። ጆሮም የላትም።»

«ታዲያ እንዴት ይጋባሉ?»

«ወንዱ ፊቷ ይቆምና ጎንበስ ቀና ይላል። ደጋግሞ። ከዚያ ዝም ብሎ ይጠብቃል።»

አሰብኩት። ካባ ትደርባለች። የሆዷን አታወራም። የሚነግሯትን አትሰማም። ጋብቻ ሲመጣ ጎንበስ ቀና ነው።

«ልጄ» አልኩት፣ «የእስያ ናት ያሉህ ሰዎች ተሳስተዋል። ይህቺ ሐበሻ ናት።»