አንዲት ጠብታ ምርቃት

«የተማረ ይግደለኝ» ብሎ የተረተው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ገብቶ አያውቅም። ገብቶ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ደፍሮ አፉን አይከፍትም ነበር። እዚያ እኮ የተማረው ቀርቶ ያልተማረውም መግደል ይችላል። ምስክሩ እኔ ነኝ፤ በአርባ ሦስት ዓመቴ ነጭ ጋዋን ለብሼ፣ የፕላስቲክ መነጽር ደቅኜ፣ የያዝኩት አሲድ ይሁን ውሃ ሳላውቅ በኩራት የቆምኩት ሰውዬ።

ምን ልትሠራ ገባህ? ትሉኝ ይሆናል። አሥራ ስምንት ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ፤ በሌላ አነጋገር አሥራ ስምንት ዓመት አቧራ ስበላ ኖሬያለሁ። በመሥሪያ ቤታችን ደግሞ የውሃ ጥራት የሚመረመርበት ክፍል አለ። መስኮት አለው፤ ፀሐይ ይገባዋል። ወደዚያ መዛወር አማረኝ። የክፍሉ ኃላፊ፣ የኮሌጅ መግቢያ ኬሚስትሪን ያለፍክበትን ወረቀት በዚህ ሴሚስተር ካመጣህ ቦታው ያንተ ነው፣ ካላመጣህ ሌሎች ሁለት ሰዎች አሰፍስፈው እየጠበቁ ነው አለኝ። መገናኛ አካባቢ ካለ አንድ ኮሌጅ በሩጫ ተመዘገብኩ።

ትምህርቱን ራስን በራስ ማስተማር ይሉታል። ሞጁል የሚባል ጡብ የሚያህል ነገር ያሸክሙህና በል እንግዲህ፣ ከራስህ ጋር ተወጣው ይሉሃል። መምህር የምታየው ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ቤተ ሙከራ ስትገባ ብቻ ነው። እኔም እሁድ እሁድ ሞጁሌን ታቅፌ እንጦጦ እወጣ ነበር። ከኪዳነ ምሕረት ዝቅ ብሎ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ፣ ንጹሕ አየር እየሳብኩ፣ ምዕራፍ አንድን እከፍታለሁ። ከዚያስ? ከዚያማ እነቃለሁ። ባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጦ ምዕራፍ ሁለት የደረሰ ሰው ካለ ይንገረኝ።

እትዬ ዘነበች ግን ሌላ ፍጥረት ናቸው። ሾላ ገበያ በርበሬና ቅመማ ቅመም ሲሸጡ ሃያ ዓመት ያለፋቸው፣ ልጆቻቸውን ድረው የጨረሱ ሴት ናቸው፤ ዕድል ቀንቶኝ የቤተ ሙከራ ጓደኛዬ ሆኑ። በዚህ ዕድሜ ኬሚስትሪ ለምኑ ነው? ብዬ ጠየቅኋቸው። «በርበሬዬ ቆይቶ ቀለሙን ለምን እንደሚለቅ ገበያውን ሁሉ ጠየቅሁ፤ የሚያውቅ የለም። የሆነ ቦታ የሚያውቅ ሰው መኖር አለበት» አሉኝ። እኔ ለመስኮት ብዬ የገባሁበትን ትምህርት እሳቸው ለማወቅ ብለው ገብተውበታል! ሞጁላቸውን በደንበኛና በደንበኛ መካከል ነው የሚያነቡት፤ የእያንዳንዱ ገጽ ጥግ የበርበሬ አሻራ አለበት። አንድ ጊዜ ብጥብጥ ቀጠነ፣ ወፈረ የሚባለው ነገር አልገባኝ ብሎ ስጨነቅ፣ በድልህና በጨው አስረዱኝ፤ እስከ ዛሬ አልጠፋብኝም። እውነቴን ነው፣ እንደሳቸው ያለ ተማሪ አላየሁም።

የመጨረሻው የቤተ ሙከራ ፈተና ደረሰ። ሥራው ቀላል ነው፣ ለሚያውቀው። መምህርታችን፣ ገና ሠላሳ ያልሞላት ልጅ፣ ራሷ መጥና፣ ቀለም የሚያሳይ ጠብታ ጨምራ ያዘጋጀችውን አቼቶ ትሰጥሃለች። ከላይ ቡሬት የሚሉት፣ ቁጥር የተጻፈበት ረጅም የመስታወት ቱቦ ቆሟል፤ ውስጡ በውሃ የተበጠበጠ ኮስቲክ ሶዳ አለ። ቧንቧውን ከፈት አድርገህ አቼቶው ላይ ጠብ፣ ጠብ ታደርጋለህ። አቼቶው ሮዝ መልክ ባሳየባት ቅጽበት ቀጥ! ምን ያህል እንደፈሰሰ ከቱቦው አንብበህ ትጽፋለህ። ሦስት ጊዜ ይደገማል፤ ውጤቱም የሁለታችን ነው። እሳቸው ሊያንጠባጥቡ፣ እኔ ልጽፍ ተስማማን። መጻፍ መቼም ሙያዬ ነው።

የእጃቸው ነገር ያስደንቃል። ሮዙ ገና ብልጭ ከማለቱ ቧንቧውን ዘጉት። እሰይ! ልል አፌን ስከፍት፣ ያቺ ጣታቸው ተመልሳ አንዲት ጠብታ ጨመረች። በሁለተኛውም እንዲሁ። በሦስተኛውም። ያኔ ገባኝ። ሾላ በርበሬ ገዝቶ የሚያውቅ ሁሉ ይገባዋል። ሚዛኑ እኩል ከሆነ በኋላ ቆንጠር ተደርጎ ምርቃት ካልተጨመረ ሻጩ ቋጣሪ ይባላል፤ ደንበኛም አይመለስም። ሃያ ዓመት ሲመርቅ የኖረ እጅ ለአቼቶ ሲባል አመሉን ይተዋል?

ምን ላድርግ? የተሰጠን አቼቶ አልቋል፤ ብነግራቸው ይደነግጣሉ። ቱቦው ሦስቱንም ጊዜ 16.65 ሚሊ ሊትር ብሏል። የዚያ ቱቦ አንዲት ጠብታ 0.05 እንደሆነች ደግሞ አውቃለሁ፤ ምዕራፍ አንድ ላይ ስላለ። ስለዚህ ባማረው እጅ ጽሑፌ 16.60 ብዬ ሦስት ጊዜ ጻፍኩ። በመዝገብ ቤት ቋንቋ ይህ ማጭበርበር አይባልም፤ ማስተካከል ነው።

ወረቀቱን ስናስረክብ እትዬ ዘነበች ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የኔ ልጅ፣ አንድ ጥፋት አለብኝ። በየመጨረሻው አንድ አንድ ጠብታ መርቄያለሁ። እጄ ለምዶበት ነው» አሏት። ልጅቷ ሳቋን እየዋጠች፣ «በሦስቱም እኩል?» ብላ ጠየቀቻቸው። «እኔ ምርቃት አላበላልጥም!» አሉ፣ ቅር ብሏቸው። ልጅቷ በደስታ ልትዘል ምንም አልቀራት። ሁልጊዜ እኩል የሆነ ስህተት ተቀንሶ ይታረማል አለችና አንዷን ጠብታ እኔ ከጻፍኩት ላይ ቀነሰች። 16.55 መጣ። ግንባሯ ተቋጠረ፤ ትክክለኛው መልስ 16.60 ነዋ! አያችሁልኝ ጉዴን? እኔ በስውር የቀነስኳትን ጠብታ እሷ በግልጽ ደገመቻት።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል፤ የኔዋ እውነት ማደር እንኳ አላስፈለጋትም። ልጅቷ ጎንበስ ብላ ቱቦውን አየች፤ ወረቀቱን አየች፤ ከዚያ እኔን አየች። «ጋሽ ተፈራ፣ ይኼን ቁጥር ከየት አመጡት?» አለችኝ። ላብ በላብ ሆኜ ተናዘዝኩ። ደግሞ አለማፈሬ፣ ቁጥሩ እኮ ልክ ነበር አልኳት። «ልክ ነበር፤ ግን አላዩትም። የእትዬን ስህተት ቀንሼ አረምኩት፤ የእርስዎን ምን ብዬ ልቀንሰው?» አለች። እትዬ ዘነበች ኤ አገኙ። እኔ በሚቀጥለው ቅዳሜ ብቻዬን እንድደግም ተፈረደብኝ።

በዚያ ቅዳሜ እትዬ ዘነበች ኮርሱን ጨርሰው ሳሉ፣ የሾላን ገበያ ትተው መጥተው ከበር ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ስማቸውን ሊያስጠፋ የነበረ ሰው ሊያበረታቱ! «አይዞህ ወንድሜ፤ ያየኸውን ጻፍ፣ በቃ» አሉኝ። እንባዬ መጣ።

ቧንቧውን አንዴ ቶሎ፣ አንዴ ዘግይቼ እየዘጋሁ ሠራሁ። ሦስቱ ቁጥሮች 16.40፣ 16.90 እና 17.05 ሆኑ፤ ተገናኝተው የማያውቁ ሰዎች ይመስላሉ። አንዳቸውንም ሳልነካ፣ እንዳየኋቸው ጻፍኳቸው። ልጅቷ ወረቀቱን አገላብጣ አየችው። «በጣም አስቀያሚ ውጤት ነው» አለች። «ስለዚህ አምኜዎታለሁ።» ሲ ሰጠችኝ። አለፍኩ ማለት ነው! በሕይወቴ እንደዚያች ሲ ያኮራኝ ነገር የለም።

ሰኞ ጠዋት ወረቀቴን ይዤ የውሃ ምርመራ ኃላፊው ቢሮ ገባሁ። ዝውውሬን ፈረመልኝ። አንገቴን ቀና አድርጌ ልወጣ ስል ወረቀቱን እንደገና አነሳና በሐዘኔታ ራሱን ነቀነቀ። «አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ መዝገብ ቤት ሠርተህ» አለኝ፣ «ይህችን ሲ፣ ቢ ማድረግ አቃተህ?»