ሊቀ ካርድ

ሦስት ሰው የተሰበሰበበት ቢሮ ሁሉ ውስጥ አንዱ ሌሎቹን ለማደራጀት የተፈጠረ ነው። የእኛን «ሊቀ ካርድ» እንለዋለን፤ ፊት ለፊት ግን ማንም አይደፍርም።

አራት ሆነን መጻሕፍት ለኅትመት እናዘጋጃለን። አንድ ጠረጴዛ ከበን ስለምንቀመጥ ማን ምን እንደሚሠራ ለማወቅ አንገት ማዞር ይበቃል። ክቡር ሊቀ ካርድ ግን አልበቃቸውም። አንድ ሰኞ ጠዋት ስልካችን ላይ እያንዳንዱን ሥራ በካርድ የሚመዘግብ አፕ አስጫኑን።

«ቀላል ነው! ሦስት ዓምድ ብቻ፤ የሚሠራ፣ በመሠራት ላይ፣ ያለቀ» አለን፣ አዋጅ እንደሚያነብ ሰው ጉሮሮውን ጠርጎ።

ከዚያ ወዲህ ካርድ ያልወጣለት ሥራ ሥራ መሆኑ ቀረ። ጣሪያው አፍስሶ ውሃው ማተሚያው ላይ ሲንጠባጠብ አራሚያችን ጮኸች።

«ካርድ አለው?» አላት ረጋ ብሎ።

«ኧረ ባልዲ አምጣ!»

«አመጣለሁ፤ ቅድሚያው ቀይ ይሁን ቢጫ?»

ባልዲው ሲደርስ ማተሚያው ዋና ለምዶ ነበር።

አለቃችንን እንኳ አይምርም። «እትዬ፣ የእርስዎ ካርድ ሦስት ቀን ዘግይቷል» ይላቸዋል። ደግሞ እኮ ካርዱ «አምፖል መቀየር» የሚል ነው።

ባለፈው ወር እናቴ ድንገት ታማ ሆስፒታል ገባች። የመማሪያ መጽሐፍ ልናስረክብ አራት ቀን ቀርቶናል፤ ብንዘገይ ውሉ ይፈርሳል፤ ዘጠኝ ምዕራፍ ደግሞ በእኔ ስም ነው። ስልኬን አጥፍቼ ሮጥኩ።

በአምስተኛው ቀን ስከፍተው የማሳሰቢያ ዶፍ ጠብቄ ነበር። አንድም የለም። አፑ ውስጥ ገባሁ፤ ዘጠኙም ምዕራፍ «ያለቀ» ሥር ተደርድሯል፣ በእኔው ስም።

ቢሮ ስደርስ አራሚዋ ጎተት አድርጋኝ፣ «ምሳ እንኳ ሳይወጣ እሱ ነው የጨረሰው። ለእትዬ ግን ከሆስፒታል ሆነህ የላክኸው አንተ እንደሆንክ ነው የነገራቸው» አለችኝ።

አጠገቡ ሄጄ ቆምኩ። ዓይኑ ደም ለብሷል።

«እማማ እንዴት ናቸው?»

«ተሽሏታል። ትናንት ሾርባ ቀመሰች።»

«ተመስገን! ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?» ብሎ ቦርሳዬን ራሱ ትከሻዬ ላይ አንጠለጠለና እስከ በር ሸኘኝ።

ዛሬም አማዋለሁ፤ ሱስ ሆኖብኛል። ሌላ ሰው ሲያማው ግን ደሜ ይፈላል።