የመምህር ሀሚዱ የጥየቃ ትምህርት

በሽተኛ ባለበት ቤት ሁሉ አንድ አስረጂ አይጠፋም። ሌላው ጠያቂ ማር ወይ ሎሚ ይዞ ሲመጣ እሱ ዕውቀት ይዞ ይመጣል። ማሩ ያልቃል፤ ዕውቀቱ አያልቅም።

የሐይቅ ከተማ አስረጂ ክቡር መምህር ሀሚዱ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ባዮሎጂ አስተምረው ጡረታ ቢወጡም፣ የመውጫው ደወል እስካሁን አልተሰማቸውም። አንድ ጊዜ እግሩ የተሰበረ ሰው ሊጠይቁ ሄደው ስለ ጉንፋን ቫይረስ አንድ ሰዓት አስረዱት። ሰውየው በአንድ እግሩ እየዘለለ ሊሸኛቸው ተነሣ ይባላል። የኑርዬ ዶሮዎች በበሽታ ባለቁ ጊዜም፣ ማብራሪያው ሳያልቅ ኑርዬ አዲስ ጫጩት ገዝቶ ለእንቁላል አድርሷል።

የሰፈራቸው ልጅ ስህን ዘጠነኛ ክፍል ከሳቸው ተምራለች፤ ታውቃቸዋለች። እንዳለ የሚባለው ወንድሟ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ በተኛ ሰሞን በሩ ሲንኳኳ "መጡልህ" አለችው። እንዳለ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

"አብሽር እንዳለ!" ብለው መምህሩ ተቀመጡ። "ይሄ የጉበት ቫይረስ ነው የሚመስለኝ። ቫይረስ ማለት ምድጃ የለው፣ ድስት የለው። የጉበት ሴሏ ቤት ይገባና ጓዳዋን ይረከባታል። ስኳሩን ከወትሮው አብዝተሽ አስገቢ፣ ስቡን ሥሪ ይላታል። እሷ ለራሷ የምትሠራ ይመስላታል። የምትቀልበው ግን የሱን ልጆች ነው።"

"እንደ ባሌ ዘመዶች በሉኛ!" አለች ለጥየቃ የመጣችው የስህን ጎረቤት ዘይቱና።

ቤቱ በሳቅ ሞላ። የእንዳለም ትከሻ ሲነቃነቅ ታየ። መምህሩ ግን ከስኳሩ ወደ ስቡ ተሻገሩ፤ ከስቡ ወደ ስኳሩ ተመለሱ። ስህን ወንድሟ ሲያዛጋ አየች። ከዚያ በኋላ ያሉትን በግማሽ ጆሮዋ ነው የሰማችው፦

"... እና ያ ጉበት በራሱ ሥራ ላይ የቫይረሱንም እየሠራ ነው፤ ደክሟል። ቅጠል አጠጥተሽ ሌላ ሸክም እንዳትጨምሪበት። ነገውኑ ደሴ ሆስፒታል ውሰጂው..."

"እሺ ጋሼ። አሁን እሱም ይረፍ፣ እርስዎም ይረፉ" ብላ ከዘራቸውን አቀበለቻቸው። በሩ ሲዘጋ ሦስቱም እፎይ አሉ።

በኛ አገር ዓይን ቢጫ ሲሆን "ወፍ ነው" ይባላል፤ የወፍ መድኃኒት ቀማሚ የማያውቅ ሰው ደግሞ የለም። ስህን ወደ አምባሰል ገጠር ሄዳ ቅጠሉን ራሷ አመጣችው። ሦስት ጠዋት በባዶ ሆዱ አጠጣችው። በአራተኛው ቀን እንዳለ ሰው መለየት ተሳነው። ደሴ ደረሰ፤ ግን ዘግይቶ። ሐኪሙ ስህንን አስቀድሞ የጠየቃት "ምን አጠጣችሁት?" ብሎ ነበር።

ለቅሶው ላይ መምህር ሀሚዱ ሦስት ቀን ሙሉ ለማንም ምንም አላስረዱም። አንዱ ሊያጫውታቸው ብሎ ስለ ቫይረሱ ቢጠይቃቸው "አላህ ያውቃል" አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም። ስህን ይህን ስትሰማ በወንድሟ ሞት ላይ ሌላ ሞት የተደረበ መሰላት።

አርባው ባለፈ ማግስት ቤታቸው ሄደች። ገና ስትገባ ዓይኗን ማየት አቃታቸው።

"ጥፋቱ የኔ ነው ልጄ" አሉ። "መጨረሻ ያልኩትን መጀመሪያ ማለት ነበረብኝ። ሠላሳ ዓመት አስተምሬ አንዲት ዓረፍተ ነገር ማስቀደም አቃተኝ።"

ስህን "የኔ ነው" ልትል አስባ ተወችው። በርጩማ ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች።

"ስለ ሴሏ ይንገሩኝ ጋሼ" አለች። "እስከ ዳር። አልቸኩልም።"