የጋሽ ተስፎም የእንጨት ኳሶች

ወደ ጉዳዩ በቀጥታ የሚገባ ሽማግሌ አለ የሚል ሰው ሽማግሌ ልኮ አያውቅም። ክቡር ጋሽ ተስፎም ግን ከሁሉም ይብሳሉ። ካልጋሪ ያለ ሐበሻ ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ቃላቸው "ከሥሩ እንጀምር" ነው። አንድ ጊዜ ለአንዲት ሴት መኪናዋ ሊጎተት መሆኑን ሊነግሯት ከፈረስ ጋሪ ጀመሩ። ሲጨርሱ መኪናው የለም።

አርያም እኚህ ሰው የእሷን የጋብቻ ጉዳይ ይዘው አባቷ ዘንድ እንደሚመጡ ስትሰማ ክው አለች። አባቷ አቶ ዘነበ የመጀመሪያዎቹን ሽማግሌዎች "ልጁ መንገዱ አልቀናም" ብለው መልሰዋል። ሊያገባት የሚፈልገው የሺዋስ ኢንጂነሪንግ ጀምሮ አቋረጠ፣ ትራክ ነዳ፣ አሁን ደግሞ ነርሲንግ ይማራል። ዛሬም እንቢ ከተባለ አለቀ።

ሽማግሌዎቹን ከቴምፕል ሰፈር ኤርድሪ ወዳለው የአባቷ ቤት የሚያደርሳቸው የሺዋስ ራሱ ነበር። "የት ደረሳችሁ?" ብላ ቴክስት አደረገችለት።

"ኤሪን ውድስ።"

ኤርድሪ በሰሜን፣ ኤሪን ውድስ በደቡብ! አርያም ጮኸች።

"ጋሽ ተስፎም የሚያነሱት ዕቃ አለ" ሲል መለሰ።

ዕቃው የቆዳ ቦርሳ ነበር። የሺዋስ ራሱ ውጭ መኪናው ውስጥ ቀረ። ጋሽ ተስፎምና ሌላው ሽማግሌ ጋሽ ደርበው ገብተው፣ ካልተመለሰልን አንቀመጥም ብለው እንደ ወጉ ቆሙ። "ከሥሩ እንጀምር" አሉ ጋሽ ተስፎም። ቦርሳውን ከፍተው ያረጁ የእንጨት ኳሶች ምንጣፉ ላይ ደረደሩ። ደረጃው ላይ ተደብቃ የምታዳምጠው አርያም አፏን በእጇ ያዘች።

"ይኼ እንግሊዞች ሣር ላይ የሚያንከባልሉት ነው፣ አቶ ዘነበ። እንጨት ሆኖ ውሃ ውስጥ ይሰጥማል! ነገሥታቱ ቀስት መለማመድ አስረሳብን ብለው ከልክለውት ነበር።"

"ጋሽ ተስፎም፣ ፖይንቱ!" ጋሽ ደርበው የጋሽ ተስፎምን ኮት ጎተቱ።

"ልደርስ ነው። አንድ መስፍን ኳሱ ቢሰነጠቅበት የደረጃውን መደገፊያ ጉልላት አስቆርጦ ተጫወተበት ይባላል። ጉልላቱ አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ነበርና ዞሮ ሄደ። እነዚህም ሆን ተብሎ እንዲዞሩ የተሠሩ ናቸው።"

አርያም እጇ ያረፈበትን የደረጃ ጉልላት ደንግጣ ለቀቀች። ትዳሯ በደረጃ እንጨት ሊቀር ነው!

ጋሽ ተስፎም ከጠረጴዛው ላይ ሎሚ አንስተው ምንጣፉ ጫፍ ላይ አስቀመጡ። "ወደ ሎሚው ይላኩት።"

"እኔ?"

"እርስዎ።"

አቶ ዘነበ ለነገሩ ያህል አንዱን ኳስ በቀጥታ ላኩት። ታጥፎ የቴሌቪዥኑን ማስቀመጫ ገጨ።

"ጠማማ ነው!"

"ጠማማ አይደለም፤ መንገዱ እንዲያ ነው። ወደ ግድግዳው ይላኩት።"

"ሎሚው እዚህ ሆኖ?"

አቶ ዘነበ አጉረምርመው ተንበረከኩና ወደ ግድግዳው ላኩት። ኳሱ ራቀ፤ ጠፋ ሲባል ቀስ ብሎ ዞረና ሎሚውን ሳም አድርጎ ቆመ። አቶ ዘነበ ኳሱን አዩት፣ ጋሽ ተስፎምን አዩ፣ እንደገና ኳሱን አዩት። ጋሽ ተስፎም፣ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ምንም አልጨመሩም።

እናቷ ከኩሽና ብቅ አለች። "እሺ ተባለ ወይስ እንቢ?"

አቶ ዘነበ ኮታቸውን እያወለቁ ነበር። "ልጁ ውጭ መኪና ውስጥ አይደል? ጥሩት። ሁለት ለሁለት ለመጫወት አንድ ሰው ጎድሎናል።"

ዛሬም ጋሽ ተስፎም በሰርግም በለቅሶም "ከሥሩ እንጀምር" ሲሉ ሰው ሁሉ ሰዓቱን ያያል። አንዱ ደፍሮ "ፖይንቱ!" ካለ ግን የምትገላምጠው አርያም ናት።

"ተዋቸው" ትላለች። "ይደርሳሉ።"