የወይዘሮ ትሬሎር ንጹሕ ዘር

ዘር ቆጣሪ የሌለበት ሰፈር አይገኝም። የእኛዋ፣ ክብርት ወይዘሮ ሜቪስ ትሬሎር፣ የሚቆጥሩት ግን የጥንዚዛ ዘር ነው። እኛ የመንደበራ ከተማ መንደሪን ገበሬዎች ዛፋችንን ጥጥ የመሰለ ነጭ ተባይ ሲወርሰው ወደ እሳቸው እንሮጣለን። በጓሯቸው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ተባዩን በዱባ ላይ ያረባሉ፤ ያንን ተባይ እያበሉ ደግሞ ጥንዚዛ ያሳድጋሉ። ጥንዚዛው ዛፋችን ላይ ሲለቀቅ ተባዩን ይጨርስልናል።

ዘሩን የጀመሩት ሟቹ ባላቸው ክላይቭ ናቸው፤ በሰርጋቸው ማግስት ከጓሮ ዛፍ ለቅመው። ከዚያ ወዲህ ከውጭ አንዲት ጥንዚዛ ገብታ አታውቅም። "ባዕድ አይገባም!" ይላሉ ወይዘሮ ትሬሎር፤ እኔን ራሴን ኮሌታዬን ገልብጠው ሳይፈትሹ አያስገቡኝም። አንድ ጊዜ ባርኔጣዬ ላይ ያረፈች የዱር ጥንዚዛ አገኙና እስከ አጥሩ ድረስ ሸኟት። "ወገኗ እንኳ አይታወቅም" አሉኝ፣ በሹክሹክታ።

ዘንድሮ ንጹሑ ዘር ጉድ አፈላ። ወንድም እህቱን እያገባ እስከ መቼ ይዘለቃል? እንቁላሉ አብዛኛው አልፈለፈል አለ። እኔ የወሰድኳቸውም ቅጠል ላይ እንደ ጡረተኛ ፀሐይ ሲሞቁ ዋሉ። ተባዩ ግን ሥራ አልፈታም፤ ከሱ በሚንጠባጠበው ማር መሰል ፈሳሽ መንደሪኔ ጥቁር ሻጋታ ለበሰ። በዚሁ ከቀጠለ የዓመት ልፋቴ ገደል መግባቱ ነው።

"ወይዘሮ ትሬሎር፣ አዲስ ደም ያስገቡ እንጂ። እነዚህ እኮ ሁሉም ዘመዳሞች ናቸው!"

"ቤተሰብ ናቸዋ! ታዲያ ምን ይሁኑልህ?"

"እንግዲያው መርዝ ልረጭ ነው።"

መርዝ ከተረጨ ጥንዚዛውም አብሮ ያልቃል። ወይዘሮ ትሬሎር አንዱን ዱባ አገላበጡ።

"ኖኤል፣ ክላይቭ በእጁ ከነካው ነገር የቀሩኝ እነዚህ ናቸው። ባዕድ ከገባባቸው የእሱ አይሆኑም" አሉ።

አንጀቴን በሉት።

"ክላይቭ በአባቴ ጊዜ ወንዝ ዳር ባሉት ዛፎቻችን ላይ ጥንዚዛ ለቀው አልነበር? ዛሬ እዚያ ያሉት የእነዚያ ልጆች ናቸው" አልኩ።

"እርግጠኛ ነህ?"

"እንዴታ!" አልኩ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

በማግስቱ ባዶ የጃም ጠርሙስ ይዘው መጡ። ወንዝ ዳር አንዷን ጥንዚዛ ጣታቸው ላይ አወጧትና ትክ ብለው አዩዋት።

"አረማመዷን አየኸው? ቁርጥ ክላይቭን!" አሉ። "እሱም ቸኩሎ አያውቅም።"

"ቁርጥ እሳቸውን" አልኩ።

መከሬ ይትረፍ አይትረፍ ገና አላውቅም። እኚህን ሴትዮ ግን እወዳቸዋለሁ። ለርጭት ያወጣሁትን የመርዝ ጀሪካን ወደ መጋዘን መለስኩና ጠርሙሳቸውን እንዲሞሉ ቅርንጫፉን ዝቅ አድርጌ ያዝኩላቸው።