ከቲቸር እፀገነት ጋር መንገድ መሄድ

የመጨረሻው ደወል ተደውሎም ትምህርት የማያበቃላቸው አስተማሪዎች አሉ። ሌሎቻችን ደወሉን ስንሰማ የጠመኔውን አቧራ ከልብሳችን አራግፈን እንደማንኛውም ሰው ወደ ቤታችን እንሄዳለን። እነሱ ግን ያስተምራሉ። ሱቅ ገብተው ባለሱቁን፣ ሠርግ ተጠርተው ሙሽራዋን፣ ታመው ጤና ጣቢያ ተኝተው መርፌ የምትወጋቸውን ነርስ ያስተምራሉ። እንዲህ ያለ ሰው በየከተማው ቢያንስ አንድ አይጠፋም። የሌለበት ከተማ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ፣ ዝውውር ልጠይቅ።

ጅግጅጋ ውስጥ ዕጣው የወጣው ለእኛ ትምህርት ቤት ነው። በክብር ላስተዋውቃችሁ፦ የአራተኛ ክፍል የክወናና ዕይታ ጥበባት መምህርት፣ የፔዳጎጂካል ማዕከሉ የበላይ ጠባቂ፣ የከተማው ባዶ ካርቶን ሁሉ ባለአደራ፣ ክብርት ቲቸር እፀገነት። እኛ እፁ ነው የምንላት። ከአሰላ ተመድባ ከመጣች ጥቂት ዓመታት ሆኗታል። እኔ ኬሪያ እባላለሁ፤ እዚያው አራተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። የዚሁ ከተማ ልጅ ነኝ፤ አባቴን በጨርቅ ንግድ የማያውቀው የለም፤ ስለዚህ መንገድ ላይ የሚያውቀኝ ሰው ብዙ ነው። የእኔና የእፁ ቤት ደግሞ በአንድ አቅጣጫ ነው። መከራዬ የጀመረው ከዚህ ነው።

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ አሠልጣኞች መጥተው ስዕል ብቻውን አይሰጥም፣ ከሌሎች ትምህርቶች ጋር ተዋህዶ ነው የሚሰጠው አሉን። እኛ አጨበጨብን፣ ሻያችንን ጠጣን፣ ወጣን። እፁ አመነች። ከዚያ ቀን ጀምሮ መሬት የወደቀ ነገር ባየች ቁጥር ቀጥ ብላ ትቆምና "ይሄ እኮ ሦስት ትምህርት ነው!" ትላለች። ከዚያ ጣቷን እያጠፈች ትቆጥርላችኋለች፤ ሒሳብ፣ አካባቢ ሳይንስ፣ ስዕል። የሀብሐብ ልጣጭ ሦስት ትምህርት ነው። የተሰበረ የባጃጅ መስታወት ሦስት ትምህርት ነው። አንዴ ጫማዬ ተበጥሶ መሀል አስፋልት ላይ በአንድ እግሬ ስንገዳገድ "ቆይ ቆይ፣ እንዳትጥያት!" ብላ ሶሉን ከእጄ ወሰደችው። ምን ሦስት ትምህርት እንዳገኘችበት ለመጠየቅ እንኳ አቅም አልነበረኝም።

እኔ ደግሞ አፍራለሁ። ሰው ዘወር ብሎ ካየኝ ጆሮዬ ይግላል፤ እንዲህ ነው የተፈጠርኩት።

ገበያ ስንገባ ቲማቲም የምንገዛው ከኢዶ ሀሊሞ ነው። ኢዶ ማለት አክስት ነው፤ ገበያው በሙሉ እንዲህ ብሎ ነው የሚጠራቸው። ኢዶ ሀሊሞ ቲማቲማቸውን በመደብ በመደብ ደርድረው ተቀምጠዋል። ክብርት እፀገነት ቁጢጥ አለችና መደቡን ሁሉ አፍርሳ፣ ከአረንጓዴው ጀምራ እስከ ደማቁ ቀይ ድረስ በቀለም መልክ አሰልፋ፣ በየአሥሩ ከፍላ፣ ፎቶ ማንሳት ጀመረች። ገዢ ተኮለኮለ። ኢዶ ሀሊሞ ወደኔ ጠጋ ብለው በሶማሊኛ "ይቺ ሴትዮ ጤነኛ ናት?" ብለው ጠየቁኝ። "እኔ አላውቃትም" አልኳቸውና ሽንኩርት ወደሚሸጥበት ሄድኩ።

ለቅሶ ቤትም አይቀርልኝም። ጎረቤታችን ሞተው ድንኳን ተቀምጠናል። ሼኹ ዱዓውን ጨርሰው ገና አሚን ከማለታችን እፁ ተነስታ የተጠጣበትን ሃይላንድ ሁሉ ከሰው እግር ሥር መልቀም ያዘች። "እንዳትጥሏቸው፣ ለልጆቹ ነው" እያለች በሹክሹክታ ታስረዳለች፤ ሹክሹክታዋ ደግሞ ሰፈር ድረስ ይሰማል። አንዲት ሴትዮ ችግረኛ መስላቸው ሳምቡሳ በፌስታል ቋጠሩላት። እሷ ሳምቡሳውን በላች፣ ፌስታሉን ለክፍል አስቀመጠች። እኔ ሻርፔን ዓይኔ ድረስ አውርጄ አለቀስኩ፤ ለሟች ነው የመሰላቸው።

የቀብሪበያው ጉዞ ግን ከሁሉም ይብሳል። እዚያ ካለ ትምህርት ቤት ጋር ልምድ ልንለዋወጥ በሚኒባስ እየሄድን ነው። እፁ ጭኗ ላይ ካርቶን ስለተከመረ ማዳበሪያዋን እኔ እግር መሀል አስቀመጠችው። ትንሽ እንደሄድን ሽታ ሽታ ይል ጀመር። ሰው አፍንጫውን ያዘ። ረዳቱ "የማን ነው ይሄ ማዳበሪያ?" አለ። ተሳፋሪው በሙሉ ወደኔ እግር አየ። አላህ ያሳያችሁ፣ "የኔ አይደለም" ልል አፌን ስከፍት እፁ ከጎኔ በኩራት "የኛ ነው!" አለች። የኛ! ማዳበሪያውን ፈታ ከቄራ ያመጣችውን የግመል መንጋጋ አወጣች፤ ጥርሱን ልጆች በየሥራው ቀለም ቀብተውታል፤ የሚቆርጠው ቢጫ፣ የሚፈጨው ሰማያዊ። "የትኛው ነው ሣር የሚያላምጠው?" ብላ ሾፌሩን ሳይቀር ጠየቀች። ቀብሪበያ ስንደርስ ሚኒባሱ ለሁለት ተከፍሎ በግመሉ ዕድሜ ይከራከር ነበር። እኔ ለመውረድ የመጨረሻዋ ሆንኩ።

ይሄ ሁሉ እንግዲህ የሚያስቅ እፍረት ነው። ቤት ደርሼ ለእናቴ ስነግራት ትስቃለች፤ እኔም እስቃለሁ። ያላሳቀኝ የወላጆች ቀን ነው።

እፁ ያን ሰሞን መስመርና ማዕዘን እንደማስተምር ታውቃለች። ልጆቹን ጠርታ ቤት ሄዳችሁ የቤተሰባችሁን የግመል ምልክት ጠይቃችሁ ስላችሁ ኑ አለቻቸው። በጋለ ብረት የግመሉ አንገት ወይም ጭን ላይ የሚተኮሰው ነው፤ ሱመድ ይባላል። ግመሉ የማን እንደሆነ የሚታወቀው በሱ ነው። እውነቱን ለመናገር ግሩም ሐሳብ ነበር። ልጆቹ አንዱ ሁለት መስመር፣ አንዱ ማዕዘን፣ አንዱ ግማሽ ክብ ይዘው መጡ። በእኔ ክፍለ ጊዜ በማስመሪያና በፕሮትራክተር ለኩት፤ እንደዚያ ቀን ጸጥ ብለው ሲሠሩ አይቻቸው አላውቅም። ከሁሉም ትጉዋ ሳጋል ነበረች። ሳጋል የአዴር ኤልሚ የልጅ ልጅ ናት። አዴር ኤልሚን አዴር፣ አጎቴ የማይላቸው የለም፤ ትልቅ ሰው ናቸው። ልጅቷን ከሦስተኛ ክፍል በኋላ ሊያስቀሯት ሲሉ ደጃቸው የተመላለስነው እኔና እፁ ነን። "አንድ ዓመት እንያት" ብለው ነው የሰጡን።

ከእኔ ቀጥሎ የስዕል ክፍለ ጊዜ ሆነ። እኔ ስላልነበርኩ ኋላ ልጆቹ ናቸው የነገሩኝ። እፁ "አሁን ደግሞ የራሳችሁን መስመር ጨምራችሁ አስውቡት" አለች። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሳጋል እጇን አውጥታ "ቲቸር፣ እሱ ላይ አይጨመርም" አለች። እፁ ደግሞ "በስዕል ሁሉም ይቻላል፣ አይዞሽ የኔ ቆንጆ" አለቻት። ሳጋል ጨመረች።

የወላጆች ቀን አዳራሹ ሞልቷል፤ ስዕሎቹ ግድግዳው ላይ ናቸው። አዴር ኤልሚ በትራቸውን ይዘው ከአንዱ ወደ አንዱ እያዩ መጡና አንዱ ጋ ቆሙ። ከዚያ ቀስ ብለው በአማርኛ፣ "ይቺን መስመር ማነው የጨመራት?" አሉ።

እፁ ከአዳራሹ ዳር እየሮጠች መጣች። ደስ ብሏታል እኮ! "ሳጋል ናት አዴር! ጎበዝ ናት፣ ራሷ ናት የጨመረችው!"

የግመል ምልክት ላይ አንዲት መስመር የሚጨምር ሌባ ነው። አንዲት መስመር ከተጨመረች ያንተ የነበረው ግመል የሌላ ሰው ይሆናል። አዴር ኤልሚ ደግሞ በዚሁ መንገድ ግመሎቻቸውን ያጡ ሰው ናቸው፤ ነገሩ ብዙ ሽማግሌ አስቀምጧል፤ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ከእፁ በቀር።

"የኔን ምልክት የኔ ልጅ እንድታበላሽ አስተማራችኋት" አሉ። ሲናገሩ አልጮኹም። ሳጋልን እጇን ያዙ። "ከነገ ጀምሮ አትመጣም።" ልጅቷ አላለቀሰችም፤ እፁን ዞር ብላ አየቻትና ወጣች። እፁ ምን እንዳጠፋች ሲነግሯት ፊቷ አመድ መሰለ። እኔ የት ልግባ አልኩ። ከሷ ጎን ነበር የቆምኩት፤ ወላጅ ሁሉ ሁለታችንንም ነው የሚያየው፤ በሩ ደግሞ ሩቅ ነው።

ርዕሰ መምህሩ ዐብዲጀባር ቢሮ ጠራን። "ሄዳችሁ ፍቱት። ልጅቷ ሰኞ ክፍል ካልገባች ትምህርቷ እዚህ ላይ አበቃ፤ እኚህን ሰውዬ አውቃቸዋለሁ፣ ከሰነበተ አይመልሷትም" አለ። ወደኔ ዞሮም "አንቺ ለማስተርጎም ትሄጃለሽ" አለኝ። ለማስተርጎም ብቻ ከሆነ እሺ አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ሄድን። የአዴር ኤልሚ ቤት በካራማራ በኩል፣ ከተማው ሊያልቅ ሲል ነው። እፁ መንገዱን ሙሉ አልተናገረችም። አንድ ሱቅ በር ላይ የተከመረ ንጹሕ ካርቶን ነበር፤ አይታው አለፈች። ዘወር ብሎ ያየን ሰው አልነበረም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር እኮ፤ ስንት ጊዜ የተመኘሁት! ደስ አላለኝም። "እፁ፣ ካርቶን" አልኳት። ራሷን ነቀነቀች።

ጫማችንን በር ላይ አውልቀን ምንጣፉ ላይ ተቀመጥን። ሻይ በወተት መጣልን፤ ነገር የሚነሳው እሱ ካለቀ በኋላ ነው። የሳጋል እግር በመጋረጃው ሥር ይታያል። እፁ በተሰባበረ ሶማሊኛዋ "ራሊ አሃው" አለች፤ ይቅርታ ማለቷ ነው። ቀሪውን በአማርኛ ቀጠለች፣ እኔ አስተረጎምኩ። ስለማላውቅ ነው አላለችም። "ልጅቷ ነግራኝ ነበር፤ አልሰማኋትም። ቅጡኝ፤ እሷን ግን አታስቀሯት" ነው ያለችው።

አዴር ኤልሚ አዳመጡና ወደኔ ዞሩ። "ይቺ ሴት ብቻዋን ነው የመጣችው?"

"ከእኔ ጋር ነው የመጣችው።"

"አንቺ አስተርጓሚ ነሽ። የምጠይቅሽ ሰዎቿን ነው። የሰው ምልክት የነካ ሰው ሰዎቹን ይዞ ነው የሚመጣው። ዛሬ ይቅር ብያት ነገ ብትደግመው ማንን ልጠይቅ? ማነው ለሷ የሚቆመው?"

አስተረጎምኩላት። እፁ ጣቶቿን አየች። "እናቴ አሰላ ናት" አለች፤ ከዚያ ቀስ ብላ፣ "እዚህ ሰው የለኝም በያቸው።"

ልል ነበር። ሥራዬ ነው፤ ለማስተርጎም ነው የመጣሁት። ግን ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ሲደርስ አፈርኩ። ገበያ ውስጥም፣ ድንኳን ውስጥም፣ ሚኒባስ ውስጥም ያፈርኩት እፍረት ከዚህ ጋር ሲተያይ ቀልድ ነው። ይቺ ሴት ማዳበሪያዋን ሳይቀር "የኛ" ነው የምትለው፤ እኔ በየደረስንበት አላውቃትም እላለሁ፤ አሁን ደግሞ ሰው የላትም ብዬ በገዛ አፌ ልመሰክር?

"የሷ ሰው እኔ ነኝ" አልኳቸው በሶማሊኛ።

አዩኝ። "የጨርቅ ነጋዴው ልጅ አይደለሽም?"

"ነኝ።"

"ትቆሚላታለሽ?"

"እቆምላታለሁ።"

"ብትደግመውስ?"

"ወደኔ ይምጡ።" ይህን ስል ነገ ደጄ ላይ የሚሰለፈው ሕዝብ ታየኝ፤ ባለቲማቲሟ፣ ባለቄራው፣ ለቅሶ ቤቱ በሙሉ። ጆሮዬ ጋለ።

አዴር ኤልሚ በትራቸውን አስቀመጡ። ወደ መጋረጃው ዞረው "ሳጋል፣ ሰኞ ትሄጃለሽ" አሉ። መጋረጃው ተንቀሳቀሰ፤ እግሮቹ ሮጡ።

እፁ ሶማሊኛው ስላልገባት "ምን አሉ? ምን አልሻቸው?" አለችኝ። "ሰኞ ትመጣለች" አልኳት። ሌላውን ልነግራት አፈርኩ፤ እስካሁንም አልነገርኳት። እፁ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ዝቅ ብላ እጅ ነሳች፤ ከዚያ እንባዋን እየጠረገች ተነስታ ወጣች። እኔ ለሻዩ እያመሰገንኩ ትንሽ ቆየሁ። በሩ ጋ ስደርስ አዴር ኤልሚ ከኋላ ጠሩኝ።

"እህትሽ ጫማዋን ረስታ ሄዳለች።"

ዞሬ አየሁ። የእፁ ሁለት ጫማዎች በሩ ላይ ቁጭ ብለዋል። እፁ በካልሲዋ አስፋልቱ ደርሳለች፤ ለመንገደኛው ሁሉ "ሳጋል ሰኞ ትመጣለች!" እያለች ትነግራለች። ባጃጆች ቆመው ያያሉ፤ ባለሱቆች በር ላይ ወጥተዋል፤ ግማሾቹ የአባቴ ደንበኞች ናቸው። ጫማውን በሁለት እጄ ይዤ፣ ድምፄን የምችለውን ያህል ከፍ አድርጌ "እፁ! እፁዬ! ጫማሽን!" እያልኩ በመሀል መንገድ ሮጥኩ።