ጀፎሮ ላይ የበቀለ እንሰት

መምህር ያስተማረው ሠዓሊ የሚፈራው አንድ ሰው ነው፤ መምህሩን። እንደ እኔ ራሱን በራሱ ያስተማረ ግን መንገደኛውን ሁሉ ይፈራል። ሥዕሌ ፊት ቆም ያለ ሰው ዝም ካለ ንቆኛል፣ ካደነቀ አዝኖልኛል እላለሁ። መድኃኒት የለውም፤ ጠይቄያለሁ።

ወልቂጤ ውስጥ የፀጉር ቤቱን መቀስና የሥጋ ቤቱን በሬ የምሥል እኔ ነኝ። የመጀመሪያዎቹ በሬዎቼ ውሻ ይመስሉ ነበር፤ ይህ ለሥጋ ቤት ምን ማለት እንደሆነ እናንተው አስቡት። እጄን ያፍታታልኝ እንሰት ነው። አገር ቤት አገና፣ አክስቴ ጓሮ እየሄድኩ ዝናብ ሲደበድበው፣ ነፋስ ቅጠሉን ሲተለትለው፣ ፀሐይ ከጀርባው ስትመጣበት ቁጭ ብዬ አየሁት። አረንጓዴ አንድ ቀለም ይመስለኝ ነበር። እንሰት ስንት ዓይነት አረንጓዴ እንደያዘ፣ በቅጠሉ መሃል የሚወርደው ዘንግ ወደ ቀይ እንደሚያደላ ሳይ ግን በቆርቆሮ ቀለሜ አፈርኩ።

ታዲያ ጋሽ ወልዴ ክትፎ ቤታቸውን ሲያድሱ፣ «አገና ያለውን የአባቴን ቤት ከነጀፎሮው ግድግዳው ላይ ሣልልኝ፤ ለመስቀል አገር ቤት የሚገባው ሁሉ እዚህ አረፍ ይላል» አሉኝ። ጀፎሮ ለማታውቁ፣ በቤቶቹ ፊት የተዘረጋው ሰፊ የሣር መስክ ነው፤ ሠርጉም ለቅሶውም የሚውልበት፣ የሁሉም ሆኖ የማንም ያልሆነ። ከእሱ ላይ ስንዝር የቆረሰ ሰው ነቀፋው ለልጅ ልጁ ይተርፋል። ይህን እኔም አውቃለሁ። ግን ሥዕሉ በግራ በኩል ባዶ ሆነብኝ፤ ባዶ ቦታ ደግሞ ያስፈራኛል። አንድ ትልቅ እንሰት ተከልኩበት፣ በሕይወቴ ከሣልኩት ሁሉ የሚበልጠውን፣ ጥላውን ሣሩ ላይ ጥሎ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። በመስቀል ሰሞን የጋሽ ወልዴ አገር ሽማግሌ አባባ ይርጋ ጓደኞቻቸውን አስከትለው ገቡ። ክትፎው ቀረበ። እሳቸው ግን ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ነው። እኔ ጥግ ይዤ እሳቸውን አያለሁ።

«ወልዴ፣ ይህ የአባትህ ደጅ አይደለም?»

«ነው፣ አባባ።»

«ታዲያ ጀፎሮው ላይ እንሰት ማን ተከለ?»

«ሥዕል እኮ ነው» አልኩ።

«ዛሬ በቀለም፣ ነገ በዶማ!» አሉ አባባ ይርጋ። «የወልዴ ልጆች ይህን እያዩ አድገው ‹ድሮም የእኛ ነበር› ቢሉስ?»

ሽማግሌዎቹ ተማከሩ። ክትፎው እየቀዘቀዘ ፍርድ ተሰጠ፤ እንሰቱ እስኪነቀል ከዚህ ቤት እህል አይቀመስም። ጋሽ ወልዴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «አሁኑኑ ንቀልልኝ፤ አለበለዚያ ግድግዳውን በሙሉ ነጭ አስቀባዋለሁ» አሉኝ።

ቀለሜን አመጣሁና ሁሉም እያዩኝ እንሰቴን በሣር ሸፈንኩት። አለቀስኩ ማለት ይቻላል። ለዓመታት «እንሰት አይመስልም» እንዳይሉኝ ስፈራ ኖሬ፣ የተከሰስኩት እንሰት ስለመሰለ መሆኑ የገባኝ የመጨረሻውን ቅጠል ሳጠፋ ነው።

አባባ ይርጋ ተነስተው መረመሩ። «ጥላውስ?» አሉ።

እውነትም እንሰቱ ሄዶ ጥላው ሣሩ ላይ ተጋድሟል። ረስቼው ነው አልኩ፤ እናንተም ብታምኑኝ ደስ ይለኛል። ሽማግሌው ጥቂት አሰቡና «ይቆይ» አሉ። «ጥላ ድንበር አይገፋም።» ከዚያም ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው ስበው፣ ጥላው አጠገብ ተቀምጠው ቀዝቃዛውን ክትፎ በሉ።

እኔ ግን እስከ ዛሬ እዚያ ቤት ሰው በገባ ቁጥር፣ የጥላው ባለቤት የት ሄደ ብሎ እንዳይጠይቀኝ እፈራለሁ።